ከሐይቅ ተነስቶ ሰመመን ሰጪ ለመሆን

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። ከአምባሰል ገደላማ ቀበሌዎች በአንዱ ምጥ የጠናባት እናት እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዚያ ወዲህ በአምቡላንስ መጥታ ሐይቅ ሆስፒታል ደርሳለች። የሕፃኑ የልብ ምት እየቀነሰ ነው። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ባለሙያ ታጥቦ ጓንት አጥልቋል፣ ነርሷ መሣሪያውን ደርድራለች። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው፤ ሰመመን የሚሰጠውን። እሱ «ጀምሩ» ሳይል ምላጭ ቆዳ አይነካም። በአገራችን የጤና መዋቅር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የተመደበ ነው። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ግን ሌሊት ላይ ሰመመን ሰጪው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። የሚያማክረው አለቃ ያለው ደሴ ነው፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ።

ይህን የምጽፈው ያ ሰው መሆን ለምትፈልጊው ነው። «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ወንድ አንባቢ ቃሉን ወደ ራሱ ያዙረው። እንዲህ ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በትንሽ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ላይ ከሚወጡት ብዙዎቹ ወላዶች ናቸው፤ ራስጌያቸው የቆመችው ሴት ስትሆን ትከሻቸው እንዴት ዘና እንደሚል ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነው። ትምህርቱን ስትጀምሪም፣ ስትመርጪም፣ ስትፈተኚም፣ ብቻሽን ለምትቆሚበት ሌሊት እንደምትዘጋጂ ሆነሽ ተማሪ።

በሮቹን በስማቸው ለዪ

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰው «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራ ተማሪዎች ግራ ይጋባሉ። ሙያው ግን የተለያዩ በሮች አሉት።

አንደኛው በር የአኔስቴዥያ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ የሚገባበት ሲሆን ከአራት ዓመት የማያንስ ጊዜ ይወስዳል። የሚመረቀው ሰው አኔስቴቲስት ይባላል። በአገራችን ሆስፒታሎች አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ከጥቂት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል፤ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ፣ ሁለት ዓመት ነው።

ሁለተኛው በር በሕክምና ትምህርት በኩል የሚያልፍ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ትሆኛለሽ፤ ቀጥሎ አገር አቀፉን የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ትፈተኛለሽ፤ ከዚያ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ወይም ትምህርቱ ባለበት ሌላ ሆስፒታል ለዓመታት በሬዚደንትነት ትሠሪያለሽ። መጨረሻ ላይ አኔስቴዚዮሎጂስት ትባያለሽ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተነስቶ እዚያ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የድሮው በር ነው። ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ወደ ሰመመን የሚዛወሩበት ነበር፤ ከነባሮቹ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የመጡት በዚያ ነው። እነሱን ስታገኚ አክብሪያቸው። የሞኒተር ስክሪን ባልነበረበት ዘመን በጣታቸው የልብ ምት እየቆጠሩ ያደሩ ሰዎች ናቸው፣ ያን ጥበብ ደግሞ ከመጽሐፍ አታገኚውም።

የዓለም የአኔስቴዚዮሎጂስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 5 ሐኪም አኔስቴዚዮሎጂስት እንዲኖር ይመክራል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ይህ ከ6,000 በላይ ማለት ነው። እኛ ከዚያ እጅግ ሩቅ ነን፤ ክፍተቱን የሸፈኑት አኔስቴቲስቶቹ ናቸው። ስለዚህ «አነስተኛው በር» ብሎ የሚያሳንስብሽ ሰው ቢገጥምሽ አትስሚው።

ምርጫውን ግን ዓይንሽን ገልጠሽ አድርጊ። በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ አኔስቴቲስት የቱንም ያህል ቢሠራ በልምድ ብቻ አኔስቴዚዮሎጂስት አይሆንም፤ በሕክምና ትምህርት ማለፍ አለበት። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ወደ ሕክምና የሚገቡበት መርሐ ግብር በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበርና እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ መከታተል አይከፋም። ቤተሰብሽ ደመወዝሽን ቶሎ የሚፈልግ ከሆነና ሥራውን ራሱን ከወደድሽው በመጀመሪያው በር ግቢ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል መምራት፣ ስፔሻሊስት ማስተማር የሚያጓጓሽ ከሆነ ግን ረጅሙን መንገድ ጀምሪ፤ መሀል ላይ አቋርጦ መሻገር ከባድ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፤ ፊዚክስን አትናቂ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን አለብሽ። የመግቢያ ፈተናው በ2014 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዛወር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ ከጦርነት ወጥተው ነው ያን ፈተና የተቀመጡት። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፣ በጊዜ እንድትጀምሪ ነው። ካልተሳካ ለሚፈቀድላቸው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የሚሉት፣ አለ፤ በዚያ በኩል ገብተው ጥሩ ባለሙያ የሆኑ አሉና አንገትሽን አትድፊ።

ተማሪዎች ባዮሎጂን እየሸመደዱ ፊዚክስን ይሸሻሉ። ለዚህ ሙያ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላሳይሽ። ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የጋዝ ሕግ ተምረሻል፤ ግፊትና ይዘት ሲባዙ አይለወጡም የሚለውን። ኦፕራሲዮን ክፍል ጥግ የቆመው ትልቁ የኦክሲጅን ሲሊንደር የውስጥ ይዘቱ 40 ሊትር ቢሆንና ጌጁ 100 ባር ቢያነብ፣ ያለሽ ኦክሲጅን በግምት 4,000 ሊትር ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ብትሰጪ 800 ደቂቃ፣ ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ያቆይሻል። አሁን አምቡላንሱ ውስጥ ያለውን ትንሹን እይ። ይዘቱ 10 ሊትር፣ ጌጁ 30 ባር። 300 ሊትር አለሽ ማለት ነው። ታማሚው በደቂቃ 10 ሊትር የሚፈልግ ከሆነ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከሐይቅ ተነስቶ፣ ዳገቱንና ጠመዝማዛውን ይዞ፣ ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ታማሚ ለማውረድ ይበቃል? አይበቃም። ይህን ስሌት አምቡላንሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት በጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው ነው የሚፈለገው፤ የሚማረውም አሁን፣ ሐይቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ እንግሊዝኛ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ መጽሐፉ፣ ፈተናው ሁሉ በእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ኮርስ ነው፤ ወደ ትምህርት ክፍል የምትደለደዪው በውጤትሽና በምርጫሽ ነውና በዚያ ዓመት «ገና ነው» ብለሽ አትዘናጊ። የወጪ መጋራት ውሉንም ሳታነቢ አትፈርሚ።

የት ልማር?

ሐይቅ ራሷ የትምህርት አገር ነች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ ተማሪው ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው እዚህ ተምረዋል። ዛሬ ለዚህ ሙያ መውጣት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ዲላ የአኔስቴዥያ ትምህርት ክፍል አላቸው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ስለሆነ በጤና ትምህርት ሥሩ ጥልቅ ነው። የሚቀበሉት ክፍሎች ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ በምደባው ጊዜ የሚወጣውን ዝርዝር ራስሽ አንብቢ፣ በወሬ አትምረጪ።

ስትመርጪ የሕንፃውን ውበትና የከተማውን ዝና ተይው። እዚያ አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጊና ይህን ጠይቂው፦ በገዛ እጅህ ስንት የጀርባ ማደንዘዣ ሰጠህ? ስንት ሰው ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ አስገባህ? ሕፃን አደንዝዘህ ታውቃለህ? ስትሳሳት አጠገብህ ማን ቆሞ ነበር? አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ታካሚ ያለበት ግን የሚያርም አስተማሪ የሌለበት ቦታ ስሕተትን በፍጥነት መድገም ያስተምርሻል።

እጅና ጆሮ የሚሠለጥኑበት ጊዜ

ክፍል ውስጥ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ ይሰጥሻል፤ እሱን ማንበብ እንጂ ከእኔ የምትሰሚው ነገር የለም። ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገቢ ግን አንድ ሥራ ላይ፣ የጀርባ ማደንዘዣው ላይ፣ ቆም ብዬ ላሳይሽ፣ በሙያ ዘመንሽ ብዙ ጊዜ የምትሠሪው እሱን ነውና።

ለቀዶ ጥገና የተዘጋጀችውን እናት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ታደርጊያታለሽ። «ሊጥ እንደምታቦኪ ጎንበስ በይልኝ እቴ» በያት፤ ጀርባዋ ወዲያው ይጎብጥልሻል፣ ከማንኛውም የሕክምና ቃል ይሻላል። የዳሌዋን አጥንቶች አናት በሁለት እጅሽ ያዢ፤ እነሱን የሚያገናኘው መስመር አራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያርፋል። ቦታውን ካጸዳሽ በኋላ ቀጭኑን መርፌ በአጥንቶቹ መሀል ታስገቢያለሽ። ጅማቱ ሲያጠብቀው፣ ከዚያ ድንገት ሲለቀው በጣትሽ ጫፍ ይሰማሻል። ሽቦውን ከመርፌው ውስጥ ስትስቢው የምንጭ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ጠብታ ይመጣል። ጠብታው ካልመጣ መድኃኒት የለም፤ መርፌውን ታወጪና እንደገና ትሞክሪያለሽ። ከመጣ የምትሰጪው ቡፒቫኬይን ከሁለት ሚሊ ሊትር ብዙም አይዘልም። ከዚያ በጀርባዋ ታስተኚያታለሽ፣ ከቀኝ ጎኗ ሥር ጨርቅ አጥፈሽ ትሸጉጫለሽ፣ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው።

አደጋው የሚመጣው አሁን ነው። የደም ግፊቷ ይወርዳል። የግፊት መለኪያው የሚነፋው በየጥቂት ደቂቃው ስለሆነ ከእሱ በፊት የሚነግርሽ አፏ ነው። «አጥወለወለኝ» ትላለች፣ ወይም «ዓይኔን ጨለመኝ»፣ ወይም ዝም ብላ ታዛጋለች። ያን ቃል ስትሰሚ ግፊቱን ለክተሽ ፈሳሹን ታፈጥኛለሽ፣ አስቀድመሽ በሲሪንጅ የቀዳሽውን የግፊት መድኃኒት ትሰጫለሽ። አስቀድመሽ የቀዳሽውን ነው ያልኩት። ያን ጊዜ ብልቃጥ የምትሰብሪ ከሆነ ዘግይተሻል። «አብሽሪ፣ አጠገብሽ ነኝ» ማለቱንም አትርሺ፤ ከወገቧ በታች ቢደነዝዝም ጆሮዋ ይሰማል።

የኦክሲጅን መለኪያው፣ ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው ጣት ላይ የሚታሰረው፣ ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር ድምፅ ያሰማል። ኦክሲጅኑ ሲወርድ ድምፁም ይወፍራል። ያደግሽው አምባሰል ቅኝት ስሙን ባገኘበት አገር ነው፤ ጆሮሽን ተጠቀሚበት። ጀርባሽን ለስክሪኑ ሰጥተሽ መድኃኒት እየቀዳሽ ድምፁ መለወጡን የምታውቂበት ደረጃ እስክትደርሺ ተለማመጂ። ድምፁን የሚያጠፋ ሰው ካለ በትህትና መልሰሽ ክፈቺው።

ተማሪ ሁሉ ቱቦ ማስገባት ይወዳል፣ ጀግንነት ይመስላልና። እኔ ግን በጭንብል ማናፈስን አስቀድሚ እላለሁ። አገጭ ይዞ፣ ጭንብሉን ፊት ላይ አጣብቆ፣ በከረጢቱ ደረት ሲነሳ እስኪታይ ድረስ አየር ማስገባት። ቱቦው እንቢ ቢል ሰውየውን የሚያቆየው ይሄ ነው።

የሠራሽውን ሁሉ ማታ ማታ በደብተርሽ ጻፊ፤ ምን ሰጠሽ፣ ምን ሆነ፣ ምን ረሳሽ። የእኔ ደብተር ውስጥ እስከ ዛሬ የማልገልጠው አንድ ገጽ አለ። ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት የመምጠጫውን ማሽን፣ ሳክሽኑን፣ ሳልፈትሽ ሥራ ጀመርኩ። ታማሚው ሲያንቀላፋ አስመለሰው፣ ማሽኑን ስከፍት ድምፅ እንጂ መሳብ የለውም፤ ቱቦው ከጠርሙሱ ወልቆ ነበር። አስተማሪዬ ደርሶ በጎኑ አዞረው፣ በጨርቅ አጸዳለት፣ ሰውየው ተረፈ። ማሽኑን መፈተሽ አንድ ደቂቃ አይወስድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳክሽኑን በመዳፌ ሳልሞክር መርፌ ይዤ አላውቅም፤ አንቺም እንዲህ አድርጊ።

ኬታሚንንም በደንብ እወቂው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተሠራ አሮጌ የሰመመን መድኃኒት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ትንፋሽን እንደ ሌሎቹ አያቋርጥም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ሲዘረፍ፣ በዚህ አካባቢ ያለን ባለሙያዎች ማሽን ሁልጊዜ የሚኖር ነገር እንዳልሆነ ተምረናል። ዘመናዊውን ማሽን ተማሪ፤ ያለሱ መሥራትንም አብረሽ ተማሪ።

ፈተናና ፈቃድ

ይህ አጭር ነው። ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ታልፊያለሽ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና አለ፤ ያለሱ የሙያ ፈቃድ አይሰጥም፣ ያለ ፈቃድ ደግሞ ታማሚ አይነካም። የሁሉንም ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን ለየብቻ አስቀምጪ። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ለማደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድሽ ይጠየቃል፤ የሥልጠና ምስክር ወረቀት አትጣዪ።

የመጀመሪያው ወር በትንሽ ሆስፒታል

ስትመደቢ መጀመሪያ የምታገኚው ሰው ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የመድኃኒት ቤት ኃላፊዋ ትሁን። ኬታሚን ስንት አለ፣ ቡፒቫኬይን መቼ ያልቃል፣ አድሬናሊንና አትሮፒን የማብቂያ ጊዜያቸው መቼ ነው ብለሽ ጻፊ። የሲሊንደሩ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል እወቂ፤ ሌሊት ላይ ሲሊንደር ሞልቶ ቁልፍ የጠፋበት ሆስፒታል አውቃለሁ። ጄኔሬተሩን ማን ያስነሳል፣ ስልክ ቁጥሩስ ስንት ነው? ደም ከደሴ ደም ባንክ የሚመጣው በማን በኩል፣ በስንት ሰዓት ነው? የአስተማሪሽንና ደሴ ያሉ ነባር ባለሙያዎችን ስልክ ስልክሽ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ላይም ጻፊ። ሌሊት ደውሎ መጠየቅ አለማወቅ አይደለም፤ ዝም ማለት ነው አደጋው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ አለ። ብዙ ቦታ ከሥራው በኋላ የሚሞላ ወረቀት ሆኗል። አንቺ ጮክ ብለሽ፣ ከመጀመሩ በፊት አንብቢው። ቡድኑ ሦስትና አራት ሰው ቢሆንም ይደመጥ።

ከታካሚው ጋር የምታደርጊው ንግግር ደግሞ የአገር ልጅ መሆንሽ የሚጠቅምበት ቦታ ነው። ለታቀደ ቀዶ ጥገና ከባድ ምግብ ከበላ ስምንት ሰዓት፣ ቀለል ያለ ከበላ ስድስት ሰዓት፣ ውሃና ጥርት ያለ ፈሳሽ ከጠጣ ሁለት ሰዓት ማለፍ አለበት። «ባዶ ሆድዎን ነዎት?» ብትያቸው «አዎ፣ ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት» ይሉሻል። ወተት የሌለበት ቡና ሁለት ሰዓት ካለፈው ብቻውን አያስጨንቅም። ወሎ ውስጥ ግን ቡና ብቻውን ተጠጥቶ ያውቃል? «ቡናው ቁርስ ነበረው?» በያቸው፤ ያን ጊዜ ቆሎውና ዳቦው ይወጣል። ጫትንም እንዲሁ፤ ሳትፈርጂ፣ «ትናንት ተቅሟል?» ብለሽ ጠይቂ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይለውጣልና። የባሕል መድኃኒት የወሰደ ሰው ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል፤ እናቱን በዝግታ ጠይቂ። የጾመ ሰው ደግሞ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ከቀጠሮው በፊት ጀምሮ ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሰመመን ሲሰጠው ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል።

አሁን ልትጀምሪው የምትችዪው

ገና አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ከሆንሽ አንድ ነገር አድርጊ። ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ አጽፈሽ ሐይቅ ሆስፒታል ሂጂና አኔስቴቲስቱን ለማነጋገር ጠይቂ። የምትሄጂው ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ሥራ ይበዛባቸዋል። ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተጠሩ፣ ቤተሰባቸውን መቼ እንደሚያገኙ፣ ምን እንደሚያሳዝናቸው ጠይቂያቸው፤ የሚነግሩሽን በሙሉ ቤት ሄደሽ ለእናትና ለአባትሽ ንገሪ፣ እነሱም የምትገቢበትን ይወቁ። ሆስፒታሉም ታካሚዋም ፈቅደው ኦፕራሲዮን ክፍል ካስገቡሽ ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ የእነሱን ሸበጥ አጥልቂ፣ ፀጉርሽን ሸፍኚ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ነገር አትንኪ። ቀዶ ጥገናው ወደሚሠራበት ሳይሆን ወደ ራስጌ ሂጂ፣ ከአኔስቴቲስቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቁሚና ድምፁን አዳምጪ።